«አበደርኩ» ያለ ያስረዳ ወይስ «አልተበደርኩም» ያለ? ስለ ማስረዳት ሸክም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሪያድ የምሠራ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአክስቴ ልጅ በሁለት ጊዜ 240,000 ብር በባንክ ላክሁለት። ሱቅ ሊከፍትበት፣ በዓመቱም ሊመልስልኝ ነበር። ወረቀት አልተጻጻፍንም። ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ሽማግሌ ስልክበት ደግሞ ‹አላበደረችኝም› አለ። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ‹የካደው እሱ ነው፣ እሱ ያስረዳ› ሲሉ ሌሎቹ ‹አበደርኩ ያለችው እሷ ናት፣ የማስረዳት ሸክሙ የእሷ ነው› አሉ። እውነት ይዤ ለምን ሸክም ይጫንብኛል? ይህ የማስረዳት ሸክም የሚባለውስ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ሲከራከሩ ከሚጠሩት ጋር አንድ ነው?»

እህቴ፣ መልሱን አላስጠብቅዎ። ትክክል የተናገሩት ሁለተኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አበደርኩ ያለ ሰው ብድሩን ማስረዳት አለበት። የመጀመሪያዎቹም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተናገሩም። የአክስትዎ ልጅ በሚሰጠው መልስ ዓይነት ሸክሙ ወደ እሱ ትከሻ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነውም እዚያ ላይ ስለሆነ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን «እውነት ይዤ ለምን ሸክም ይጫንብኛል?» ያሉትን ልያዝ። በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ በተለያየ ቃል፣ አንዳንዴም በእንባ፣ ሰምቼዋለሁ። ሸክም የሚለው ቃል ራሱ ያስከፋል። ቅጣት ይመስላል፤ ዳኛው ገና ሳይሰማኝ ውሸታም አለኝ ያሰኛል። እንዲያ አይደለም። ማን እውነተኛ ነው፣ ማን ዋሸ ለሚለው ጥያቄ የማስረዳት ሸክም መልስ አይሰጥም። እሱ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሁለቱም ወገን የሚለውን ብሎ፣ ያለውን ማስረጃ አቅርቦ ሲያበቃ ዳኛው አሁንም እውነቱን መለየት ካቃተው ማን ይረታ?

ይህ ጥያቄ የተነሣው ዳኛ «አላወቅሁም» ብሎ መዝገብ መዝጋት ስለማይችል ነው። እኔና እርስዎ አላውቅም ብለን የምናልፈው ነገር ብዙ ነው። ሽማግሌም የራሱ መንገድ አለው፤ አንተም ግማሹን ክፈል፣ አንቺም ግማሹን ተዪለት፣ በሉ ተሳሳሙ ብሎ ሊያስታርቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ግን ገንዘቡን በጥርጣሬው ልክ አይከፋፍልም። «ከመቶ 60 እጅ አምኛታለሁና ከ240,000 ብሩ 144,000 ይክፈላት» የሚል ፍርድ የለም። ብድሩ አለ ይባላል፣ ወይም የለም ይባላል። ስለዚህ ዳኛው ከመነሻው የሚመራበት ደንብ ያስፈልገዋል፤ ይህን ፍሬ ነገር ማስረዳት የነበረበት እገሌ ነው፣ አላስረዳም፣ እንግዲህ ጉዳቱን እሱ ይቻለው የሚል። ሸክም የተባለውም ይኸው ነው። በፍትሐብሔር ክርክር ማስረጃው ሚዛን እንዲደፋ ይፈለጋል፤ ሚዛኑ እኩል ከቆመ የሚሸነፈው ሸክሙን የተሸከመው ነው።

አባቶቻችንም ይኸው ጭንቅ ነበረባቸው። ንብረት ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ይታጠናል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። በአውጫጭኝ ደግሞ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይያዝ ነበር። ዛሬ ስንሰማው ይከብደናል፤ ግን ሁለቱም የመጡት «አላወቅንም ብለን መቀመጥ አንችልም» ከሚል ጭንቀት ነው። ልዩነቱ የጥርጣሬው ዋጋ በማን ላይ ወደቀ የሚለው ላይ ነው። በሌባ ሻይ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ድንገት የገባበት ቤት ባለቤት፣ ማለትም አንዳች ያልተናገረ፣ ማንንም ያልጠየቀ ሰው ነበር። የማስረዳት ሸክም ይህን ይገለብጠዋል፤ የጥርጣሬውን ዋጋ ነገሩን ያነሣው ሰው ይክፈል ይላል። ለዚህ ነው ደንቡን የምወደው፣ የራሴን ደንበኞች ያስለቀሰ ቢሆንም።

ደንቡ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ533 በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያን ትእዛዝ በወጣው የሮማ ሕግ ስብስብ ውስጥ ጳውሎስ የተባለው የሕግ ሊቅ «ማስረዳት የሚናገረው ሰው ነው እንጂ የሚክደው አይደለም» የሚል ቃል አለው። በእስልምና ሕግም ቃዲዎች ሁሉ የሚያውቁት መርሕ አለ፦ ማስረጃ በከሳሹ ላይ፣ መሐላ በሚክደው ላይ። እርስዎ የሚኖሩበት አገር ፍርድ ቤቶችም የሚነሡት ከዚሁ ነው። «በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ነገር ሁሉ ይጸናል» የሚለውንም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ፣ የፍትሐብሔር ማስረጃ ደንቦቻችን በአንድ መጽሐፍ አልተሰበሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1967 የማስረጃ ሕግ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ ደንቦቹን በየሕጉ ውስጥ ተበትነው ነው የምናገኛቸው። የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐብሔር ሕግ አንቀጽ 2001 ነው። ንዑስ ቁጥር 1 ግዴታ ይፈጸምልኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል። ንዑስ ቁጥር 2 ደግሞ ግዴታው ፈራሽ ነው፣ ተለውጧል፣ ወይም ቀርቷል የሚል ሰው ይህንኑ ያስረዳ ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ የሚታየው።

ፍርድ ቤት ብትቆሙ የአክስትዎ ልጅ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል። አንደኛው «ገንዘብ የሚባል አላየሁም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፤ ሆኖም የባንኩ ማስረጃ ስላለ ይህን መልስ ደፍሮ የሚሰጥ አይመስለኝም። ሁለተኛው «ተበድሬ ነበር፤ ግን ከፍያለሁ» የሚለው ነው። ይህን ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ብድሩን አምኗል፤ እርስዎ የሚያስረዱት አይኖርም። ከፈልኩ ያለው እሱ ስለሆነ መክፈሉን ማስረዳት የእሱ ግዴታ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች በልባቸው ይዘውት የነበረው፣ ሳይለዩት የተናገሩት፣ ይህንን ይመስለኛል። (ተበድራችሁ ለምትከፍሉ ሁሉ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ወይም የብድር ወረቀቱን ሳታስመልሱ ገንዘብ አትቍጠሩ የምላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።)

ከባዱ ሦስተኛው መልስ ነው፦ «ገንዘቡ ደርሶኛል፤ ግን ስጦታ ነው» ወይም «ድሮ እኔ ያበደርኳትን ነው የመለሰችልኝ»። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ያው አመነ!» ይላል። ያመነው ግን ገንዘብ መቀበሉን ነው፤ ብድሩን አላመነም። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ አንድ ፍሬ ነገር ነው፣ የተላለፈበት ምክንያት ሌላ ፍሬ ነገር ነው። ስጦታ ነው ያለ ሰው አዲስ ነገር ስላመጣ ያንን ራሱ ያስረዳ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ብሆን እንዲህ እከራከራለሁ። ግን በዚህ ብቻ ተማምኖ ችሎት መግባት አይገባም፤ ብድር ነው ያሉት እርስዎ ነዎትና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት የሚያፈርሰው አንቀጽ ነው። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። የብድሩ አመላለስም እንዲሁ ነው። ምስክር አይቈጠርም። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ገበያ አንድ ጊዜ ወጥቶ ለመመለስ አይበቃም። ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ አሁን በሰውና በሰው መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል።

አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ። ለጎረቤታቸው በሬ መግዣ 9,000 ብር አበድረው ካደኝ ብለው መጡ። ገንዘቡ ሲቈጠር ዓይናቸው ያየ አምስት ሰዎች አስከትለዋል፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ከአምስቱ አንዳቸውም አልተሰሙም፤ ሕጉ አይፈቅድማ። የቀረን ተከሳሹ እንዲምል መጠየቅ ነበር፤ ጠየቅን፣ ማለ። አዛውንቱ ተረቱ። ከችሎት ስንወጣ «አምስት ሰው እያየኝ ያበደርኩትን?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። የአንቀጹን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ምስክር ይረሳል፣ ይዘመዳል፣ ይገዛል፣ ወረቀት ግን ከተፈረመ በኋላ ሐሳቡን አይለውጥም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ሕዝቡ ራሱ ነው። ያም ሆኖ 500 ብር የሚለው ቁጥር ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ መቆየቱ አግባብ ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ ሲወጣ ጠንቀቅ እንዲሉ ያሰባቸው ትልልቅ ገንዘብ የሚያበድሩትን ነበር፤ አሁን የሚይዘው እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠውን ሆኗል።

እንግዲህ በእጅዎ ያለውን እንመርምር። የባንኩ ወረቀት ብር መላክዎን ያስረዳል፤ ለምን እንደላኩ ግን አይናገርም። በሞባይል ባንክ ወይም በቴሌብር ሲልኩ ምክንያት የሚጻፍባት ቦታ ካለች «ብድር» ብለው ጽፈው ከሆነ ጥሩ መነሻ ነው። ባዶ ከተዉትም አይደንግጡ፤ ብዙ ሰው ባዶ ይተዋታል ወይም «ለቤተሰብ» ብሎ ያልፋታል። ቀጥሎ ያለው መልእክት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ «ትንሽ ታገሺኝ፣ ሱቁ ሲቋቋም እመልስልሻለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎልዎ ከሆነ ከወርቅ ትበልጣለችና ስልክዎን ከመቀየርዎ በፊት ያስቀምጧት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። እንዲህ ያለች መልእክት አንቀጽ 2472 የሚፈልገውን «ጽሑፍ» ታሟላለች ወይስ አታሟላም የሚለው ጠበቆች የምንፋለምበት ነገር ነው፤ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ተከሳሹ በመልሱ ላይ ደፍሮ እንዳይክድ ታደርገዋለች። በፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ተከሳሽ የክሱን ፍሬ ነገሮች አንድ በአንድ ለይቶ መካድ አለበት፤ በደፈናው «ክሱ ውሸት ነው» ካለ ያልካደው እንዳመነው ይቈጠርበታል። በፍርድ ቤት ማመን ደግሞ አንቀጽ 2472 ራሱ ከሚቀበላቸው ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ሌላም በር አለ። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ሀብት የበለጸገ ይመልስ ይላል። ብድሩ በጽሑፍ ሊረጋገጥ ባይችል እንኳ ጠበቃዎ በአማራጭ ይህን ሊያነሣ ይችላል። እዚህ ግን ሸክምዎ ይለወጣል እንጂ አይቀርም። ብድር መኖሩን ማስረዳት ይቀርና ገንዘቡ በእሱ እጅ የሚቆይበት ምክንያት አለመኖሩን ማስረዳት ይመጣል። አንዳንዱ ደንበኛ በዚህ ማዶ የተሻገረ ይመስለዋል፤ የለወጠው ግን መሻገሪያውን ብቻ ነው፤ ወንዙን ገና አልተሻገረም።

ፖሊስ ጋ ልሂድ እንዳይሉ ደግሞ ልቅደምዎ። ተበድሮ አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም። ከመነሻው አታልሎ ወስዶብኛል የሚሉ ከሆነ ያንን ማስረዳት ከብድሩ እጅግ የከበደ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ባሕር ማዶ ለሚሠሩ ወገኖች ሁሉ አንድ ነገር ልበል። ብር ልከው አገር ቤት በወንድም ወይም በእህት ስም ቤት የሚገዙ ብዙ ናቸው። በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ምስክር ወረቀት በስሙ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ይህ የሕግ ግምት ይባላል፤ ግምቱ የቆመለት ሰው ምንም ሳያስረዳ ይጀምራል፣ ማስተባበል ያለበት ሌላው ነው። በትዳር ውስጥ ደግሞ ግምቱ በተቃራኒው ይሠራል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ በወንድምዎ ስም ያስመዘገቡት ቤት ወንድምዎ ሲያገባና ሲፋታ የማን ክርክር ውስጥ እንደሚገባ አስቡት።

ሕጉ ሸክሙን ሆን ብሎ ወደ ሌላው ወገን የሚያዞርባቸውም ቦታዎች አሉ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት እንዲከስ ይፈቅዳል። ለምን ቢባል፣ የቅጥሩ ሰነድ፣ የፈተናው ውጤት፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያለው አሠሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። በግብር ክርክር ደግሞ የታክስ አስተዳደር አዋጁ (ቁጥር 983/2008) የባለሥልጣኑ ውሳኔ ስሕተት መሆኑን የማስረዳቱን ግዴታ በግብር ከፋዩ ላይ ይጥላል፤ የንግዱን መዝገብ የያዘው እሱ ነው በሚል። የመጀመሪያው ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው ሒሳብ አዋቂ መቅጠር የማይችለውን ትንሽ ነጋዴ ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወንጀል ሌላ ዓለም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ ቁጥር 3 የተከሰሰ ሰው በክርክሩ ሂደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቈጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብት አለው ይላል። ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሚዛን በመድፋትም አይበቃም፣ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ይጠበቅበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቃል አለ፤ «ተከላከል»። በዜና «ተከሳሾቹ እንዲከላከሉ ብይን ተሰጠ» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ «በቃ ተፈረደባቸው» ይላል። አልተፈረደባቸውም። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በኖረው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው ራሱን ይጠይቃል፦ ተከሳሹ አንዲት ቃል ባይመልስ ይህ ማስረጃ ጥፋተኛ ያሰኘዋል? አያሰኘውም ካለ በአንቀጽ 141 ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ያሰኘዋል ካለ በአንቀጽ 142 ተከላከል ይላል። በዚያ ሰዓት ወደ ተከሳሹ የሚያልፈው የመናገር ተራው ነው። ንጹሕ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አይገደድም፤ በዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ላይ ተገቢ ጥርጣሬ ከፈጠረ ይበቃዋል።

ምንጩ ያልታወቀ ንብረት በሚባለው የሙስና ወንጀል ክርክሩ ጠበብ ይላል። እዚያ ዐቃቤ ሕግ ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ወይም እንደነበረ፣ ያለው ንብረት ወይም አኗኗሩም ከገቢው ጋር እንደማይመጣጠን ካስረዳ በኋላ፣ ከየት እንዳመጣው መግለጽ የተከሳሹ ይሆናል። መንግሥት ይህን የሚፈልገው ምንጩን የሚያውቀው ሰውየው ብቻ ስለሆነ ነው። ይገባኛል። ግን እያንዳንዷን እንዲህ ያለች ድንጋጌ በጥንቃቄ ማየት አለብን ባይ ነኝ፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ልጆች ነንና።

አሁን ወደ ፌስቡኩ። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ይለያያል። ችሎት ውስጥ ሸክሙ ያስፈለገው ዳኛው መወሰን ስላለበት ነው ብያለሁ። በዕለት ተዕለት ክርክር ማንም እንድንወስን አያስገድደንም። አንድ ሰው «እገሌ በሕዝብ ገንዘብ ሦስት ፎቅ ሠርቷል፤ ካልሆነ ያስተባብል» ብሎ ሲጽፍ እኔና እርስዎ ማመንም መካድም የለብንም። ማስረጃህን አሳየን ብለን ነገሩን ባለበት ማቆየት እንችላለን። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፣ የምንጠቀምበት ግን ጥቂቶች ነን።

«ካልሆነ ያስተባብል» የምትለዋ አባባል ታስፈራኛለች። በገጠር «ቡዳ ነው» የተባለ ሰው ምን ብሎ ያስተባብላል? በየትኛው ወረቀት፣ በማን ምስክር ቡዳ አለመሆኑን ያሳያል? ቤቱ ቢዘጋ ተደብቆ ነው ይሉታል፣ ቢወጣ ሊበላ ነው። በዚህ ስም ሰው ከጉርብትና ተገልሏል፣ ሠርግና ለቅሶ ተከልክሏል። ይህ የሆነው ሸክሙን ከተናጋሪው ላይ አንሥተው በተነገረበት ላይ ስለጫኑት ነው። «እሳት ከሌለ ጭስ አይታይም» የምንለውም እዚያው ያደርሰናል፤ ጭሱን ያጨሰው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»ም ቢሆን በርን ለመቈለፍ፣ ገንዘብን በወረቀት ለመስጠት የሚሆን ምክር ነው። በጎረቤት ላይ ለመፍረድ ሲያውሉት ግን ሌላ ሌባ ሻይ ይሆናል።

በሌላ በኩል «አልሆነም የሚባል ነገር ከቶ አይረጋገጥም» የሚሉ አሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። «በዚያ ቀን አዲስ አበባ አልነበርኩም» የሚለው በፓስፖርት ማኅተም ይረጋገጣል። «ባንክ ሒሳቤ ውስጥ ይህ ገንዘብ አልገባም» የሚለውን የሒሳብ መግለጫ ያሳያል። የሚከብደው ድንበር የሌለው ክህደት ነው፤ «በሕይወቴ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም» እንደሚባለው። ስለዚህ ሰው «የማስረዳት ሸክሙ አንተ ላይ ነው» ሲልዎት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ነገሩን ያነሣው ማን ነው?» የሚለው ነው። ክትባቱ ይጎዳል ያለም፣ ክትባቱ ምንም አይጎዳም ያለም ሁለቱም ነገር አንሥተዋልና ሁለቱም የየራሳቸውን ያሳዩ። «ገና አላመንኩም» ያለ ሰው ግን ምንም አላነሣም። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለን ሰው ወተቷን አሳየን ለማለት ሰማይ መውጣት አያስፈልግም።

ወደ ጉዳይዎ ልመለስና ላብቃ። ክስ ከመመሥረትዎ በፊት እነዚያው ሽማግሌዎች አሉልዎት። ማን ያስረዳ እያሉ ከሚከራከሩ ፍርድ ቤት የማይችለውን ሥራ ይሥሩልዎ። ጠርተው ያነጋግሩት፤ ሱቁ አልሠራ ብሎ ይሆናል፣ አፍሮ ይሆናል የካደው። በወር 5,000 ብር እንኳ እከፍላለሁ ቢል በ48 ወር ያልቃልና እሺ ይበሉ፤ ግን የዕርቁ ወረቀት «ተስማምተናል፣ ይቅር ተባብለናል» ብቻ ብሎ እንዳይቀር። 240,000 ብር መሆኑ፣ ብድር መሆኑ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ባንክ እንደደረሰው፣ በስንት ጊዜ እንደሚመልስ ተጽፎ እሱ ይፈርምበት፤ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ በምስክርነት ይፈርሙ። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ እንዲሆን ለታዘዘ ውል የሁለት ምስክር ፊርማ ይፈልጋል። እርስዎ ሪያድ ስለሆኑ በቦታው የሚፈርምልዎ ሰው ያስፈልግዎታል። ውክልናውን በኤምባሲው በኩል ሲሰጡ «ስለ ብድሩ እንዲስማማ፣ እንዲፈርም፣ እንዲከስና እንዲከራከር» የሚለውን በግልጽ ያስጽፉ፤ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲከታተል» የሚል ጠቅላላ ውክልና ሬጅስትራር ጋ ሲደርስ አይበቃም ሊባል ይችላል። አልፈርምም ካለ ግን የባንኩን ወረቀትና የስልክ መልእክቶቹን ይዘው ይጻፉልኝ፤ ከሦስቱ መልሶች የትኛውን እንደሚሰጥ ከዚያ ተነሥተን እናያለን።